ለእህታችን ሁለተኛ የልብ ቀዶ ሕክምና፦ ከቤተሰብ የቀረበ ምስጋና

እህታችን ለሁለተኛ ጊዜ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በሰላም ወደ ቤቷ ገብታለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ለደከማችሁላት ሁሉ፣ ያደረጋችሁትን እየጠራን ማመስገን ወደድን።

ከ11 ዓመት በፊት፣ በ24 ዓመቷ፣ የሩማቲክ የልብ ሕመም ያበላሸውን ሚትራል ቫልቭ (በግራው ልብ በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለውን የደም በር) የበሬ ልብ ከሚሸፍነው ስስ ሽፋን በተሠራ ቫልቭ ለተካችሁላት ሐኪሞች፦ ሌላው አማራጭ የነበረው የብረቱ ቫልቭ ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ዕድሜ ልክ ይፈልጋል፣ ዋርፋሪን ደግሞ ለጽንስ አደገኛ ነው። እናንተም «ይኼኛው ያረጃል፣ በወጣት ላይ ደግሞ ቶሎ ያረጃል፣ ተመልሰሽ ትመጫለሽ» ብላችሁ ሳትደብቁ ነገራችኋት። ሁለቱን ልጆቿን የወለደችው በዚያ ቫልቭ ነው።

«ምን አጥፍታ ተበላሸባት?» ለምትሉ ወዳጆች፦ ምንም አላጠፋችም። ሽፋኑ እንዳይበሰብስ፣ ሰውነትም እንዳይዋጋው ግሉታራልዴሃይድ በተባለ ኬሚካል ይታከማል፤ መንገዱን የከፈቱት ፈረንሳዊው አላን ካርፓንቲዬ ናቸው። ነገር ግን የኬሚካሉ ትራፊና የሞቱት ሕዋሳት ቅሪት ካልሲየም ይስባሉ፤ ቫልቩም ይጠጥራል። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ሚትራል በእያንዳንዱ ምት የግራውን ልብ ሙሉ ግፊት ችሎ ይዘጋል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ደም ከልብ ወደ ሰውነት ከሚወጣበት ከአኦርቲክ ቫልቭ ቀድሞ የሚደክመው።

ከሁሉ አብልጠን የምናመሰግነው የኢኮ (ልብን በድምፅ ሞገድ የሚያሳይ ምርመራ) ባለሙያዋን ነው። ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በኋላ በሦስት ወር ውስጥ መነሻውን ለኩ፤ ከዚያ በየዓመቱ በቫልቩ በኩል ያለውን አማካይ የግፊት ልዩነት ከመነሻው ጎን አሰፈሩ። ልብ ሲፈጥን ቁጥሩ ስለሚያሻቅብ የልብ ምቷንም አብረው መጻፍ አልዘነጉም። 4 የነበረው 6 ሆነ፣ ቀጥሎ 9፣ ዘንድሮ 13 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፤ ቫልቩ እየጠበበ ነበር ማለት ነው። እሷ የምትደክመው ደረጃ ስትወጣ ብቻ ነበር፤ ያ መዝገብ ባይኖር ደም ማነስ ነው ተብሎ በታለፈ።

የወጣውን ቫልቭ ላሳዩን ቀዶ ሐኪምም ምስጋናችን ይድረሳቸው። ከሚከፈቱትና ከሚዘጉት ሦስት ቅጠሎቹ ሁለቱ እንደ እንቁላል ቅርፊት ጠጥረው አልታጠፍ ብለዋል፤ ሦስተኛው ከቫልቩ ደጋፊ ምሰሶ ሥር መሰንጠቅ ጀምሯል። ስንጥቁ ቢሰፋ ደሙ ወደ ሳንባዋ በተመለሰ ነበር።

ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ልብ ከደረት አጥንት ሥር ሊጣበቅ ይችላል። ቡድኑ ርቀቱን አስቀድሞ በሲቲ ስካን አየ፤ ደረቷ ከመከፈቱ በፊትም የጭኗን የደም ሥሮች የልብንና የሳንባን ሥራ ለጊዜው ለሚተካው ማሽን አዘጋጀ። ደም ለሰጣችሁ፣ ስንጠራችሁ ሳታመነቱ ለመጣችሁ፣ የልጆቿን ደብተር ሳይቀር ለተከታተላችሁ የዕድራችን አባላት፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈል።

መውለዱን ስለጨረሰች አሁን የገባላት የብረት ነው፤ የደሟን የመርጋት ፍጥነት የሚያሳየው ልኬት፣ አይኤንአሯ፣ ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን አለበት። ጥርሷ ሲነቀል ቀድማ አንቲባዮቲክ ትወስዳለች፣ ዋርፋሪኑን ግን ያለ ሐኪም አታቋርጥም። ሰኞ ማለዳ ለምርመራ ሊያደርሷት መኪናቸውን ያዘጋጁትን ጎረቤታችንን ከወዲሁ እናመሰግናለን።

ቤተሰቦቿ