እማዬ፣ ኪኒኑን እንዳታቋርጪው

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹም ይስሙሻል። በስልክ ስናወራ ሁልጊዜ ሰው አለ፣ ወሬው ይበታተናል። ስለዚህ ይሄን ጻፍኩልሽ። እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

ባለፈው "ስንዴና ገብሱን ከተውኩ በቃ፤ ኪኒኑንማ ስንት ዓመት ዋጥኩት፣ ምን ጠቀመኝ?" አልሽኝ። እውነትሽን ነው። ደም ማነስ ነው እየተባለ ለዓመታት አይረን፣ ማለት ደም የሚሠራበትን የብረት ማዕድን ኪኒን፣ ስትውጪ ኖረሻል፣ ደምሽ ግን ከፍ አላለም። ጥፋቱ የኪኒኑ አልነበረም። አይረን ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው። ሐኪምሽ ያገኘችብሽ ሴሊያክ የሚባለው የአንጀት በሽታ ደግሞ አብዝቶ የሚጎዳው እዚያው ቦታ ነው። የአንጀት ውስጡ እንደ መንዝ ባና ጠጉራም ነው፤ ከምግብ የሚጠቅመው ነገር የሚመጠጠው በዚያ ጠጉር ነው። ከስንዴና ከገብስ ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን ሲገባ የሰውነትሽ መከላከያ እንደ ጠላት ይነሳበታል፣ በዚህ መሐል ጠጉሩ ይመለጣል። የዋጥሽው አይረን መግቢያ አጥቶ ዝም ብሎ አለፈ።

አሁን ግን ስንዴውንም ገብሱንም ትተሻል፣ ጠጉሩ ማደግ ይጀምራል። በልጅ ቶሎ ይድናል። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ግን ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። እስከዚያ የጎደለሽን ምግብ ብቻውን አይሞላውም። ኪኒኑ የሚሠራበት ጊዜ ገና አሁን መጣ፣ እማዬ። አሁን ብታቋርጪው ነው የሚቆጨኝ።

አይረኑን ጠዋት በሎሚ ውኃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ዋጪው። ቡናው ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ቡናና ሻይ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክሉታል። የካልሲየም ኪኒኑም ይሻማዋል፣ እሱን ለማታ አድርጊው። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ፣ ከአይረኑ ነው። ሆድሽን ካስቸገረሽ ዝም ብለሽ አትተዪው፣ ለሐኪምሽ ንገሪያት። ቀን እያስዘለሉ መዋጥ አለ። ካልሆነም በደም ሥር ይሰጣል።

እግሬን ይደነዝዘኛል ያልሽውንም ንገሪያት። ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ማነስ እንደዚያ ያደርጋል። ቢ12 በተፈጥሮ ያለው በሥጋ፣ በዓሣ፣ በእንቁላልና በወተት ነው። አንቺ ደግሞ ዐቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን ትጾሚያለሽ፣ ረቡዕና ዓርብም አለ። በዚያ ላይ ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ከምግብ ቢ12 መውሰድ ሊያቅተው ይችላል። ጹሚ አትጹሚ አልልሽም፣ እሱን ከነፍስ አባትሽ ጋር ተማከሩበት። የቢ12 መርፌ ወይም ኪኒን ካዘዘችልሽ ግን በጾምም ቢሆን አታስታጉዪ።

"ፀሐይ እያለ ቫይታሚን ዲ እንዴት ይጎድላል?" ብለሽ ስቀሻል። ቆዳም ያረጃል እማዬ፣ እንደ ወጣትነቱ አያመርትም። አንቺ ደግሞ ያለ ነጠላ አትወጪም። ሐኪምሽ የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ ያዘዘችው በዚሁ ምክንያት ነው። እባክሽ አታዘግዪው።

ወተት የሚነፋሽም ሌላ በሽታ ይዞሽ ላይሆን ይችላል። የወተቱን ስኳር የሚፈጨው ነገር የሚሠራው እዚያው በተመለጠው ጠጉር ጫፍ ላይ ነው። አንጀትሽ ሲያገግም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። እስከዚያ እርጎና አይብ ሞክሪ። ምስሩንም ሽሮውንም ወተቱንም አንድ ላይ ትተሽ በባዶ እንጀራ እንዳትቀሪ። አንድ ነገር ሲያስቸግርሽ እሱን ብቻ ለጊዜው አቁመሽ እዪው።

ከባዱ የገብሱ ነገር እንደሆነ ይገባኛል። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ገብስ መተው ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። በሶው፣ ቆሎው፣ ገንፎው፣ ጠላው፣ ሁሉም ገብስ ነው። "በእህል አድጌ እንዴት እህል ያሳምመኛል?" ያልሽው ጥያቄ ሐኪሞችንም ብዙ ዘመን አስቸግሯል። ሆላንድ ውስጥ ቪለም ዲክ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ስንዴውን ይጠረጥር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 ወደ 1945 በሚያሻግረው የብርድ ወቅት ዳቦ ጠፋ። አገሩ ሲራብ የሴሊያክ ሕፃናቱ ተሻላቸው። ዳቦው ሲመለስ መልሶ አመማቸው። እህል ለሌላው በረከት ነው፣ ለአንቺ ዓይነቱ ሰውነት ግን አይስማማም።

"ለቅምሻ" የምትይውን እባክሽ ተዪው። አንቺ ሆድ ቁርጠት የለብሽም፣ ተቅማጥም የለብሽም። ስለዚህ ብትቀምሺም ምንም የሆንሽ አይመስልሽም። ውስጥ ውስጡን ግን ይጎዳል። የዝክር ዳቦ ሲሰጡሽ ተቀብለሽ ለጎረቤት ልጆች ስጪ። የቁርባኑን ነገር እኔ አልናገርም፣ ለነፍስ አባትሽ የሐኪሟን ወረቀት አሳዪአቸውና እሳቸው ይንገሩሽ።

ጤፍ ግሉተን የለውም፣ እሱ ይቅርታ የማያስፈልገው ምግብሽ ነው። ግን ዱቄት ገበያ አትግዢ፣ ከምን ጋር እንደተቀላቀለ አይታወቅም። ጤፉን በእህሉ ገዝታችሁ በወንፊት ንፉት፣ ስንዴ ካለበት ላዩ ላይ ይቀራል። ወፍጮ ቤት ከእናንተ በፊት ስንዴ ተፈጭቶ ከሆነ ድንጋዩ ላይ ዱቄት አለ። ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ቢገኝ ጥሩ። ካልተገኘ መጀመሪያ የሚወጣውን ዱቄት ለሌላ ሰው ስጡ። ሽሮውም እንደዚሁ።

የድሮው እርሾ ከገብስ ቅልቅል የመጣ ስለሆነ ይደፋ፣ ከንጹሕ ጤፍ አዲስ ይያዝ። ቡሃቃውም ለብቻው ይሁን። ማሰሻውንም አትርሺ! አምባሻ የተጋገረበትን ምጣድ ባሰሻችሁበት ጨርቅ የጤፉን ምጣድ አታስሱ። ገንፎ ሲያምርሽ በቡላ ወይም በበቆሎ ይገነፋ። ለበዓል ጠጅ አለ፣ ማርና ጌሾ ነው።

አንድ የቀረኝ የወንድሜ ነገር ነው። ይሄ በሽታ በዘር ይሄዳል፣ ከታማሚው ወላጅ፣ ልጅና እኅት ወንድም ከአሥሩ አንዱን ገደማ ይይዛል። እኔ ተመርምሬያለሁ፣ እስካሁን ነፃ ነኝ። እሱ "ምንም አላመመኝም" ይላል፣ አንቺም አላመመሽም ነበር። የደም ምርመራውን ያድርግ። እስኪመረመር ዳቦውን እንዳይተው ንገሪው፣ ቀድሞ ከተወ ምርመራው ላያሳይ ይችላል። እኔ ስነግረው ይስቃል፣ አንቺን ግን ይሰማል።

የሚቀጥለው የደም ውጤት ሲወጣ እህቴ ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። የደምሽን መጠን የሚያሳየውን ሄሞግሎቢኑን ብቻ አይደለም፣ ሰውነትሽ ያጠራቀመውን አይረን የሚያሳየውን ፌሪቲን የሚለውንም ማየት እፈልጋለሁ።

ልጅሽ