ጎረቤታሞችን አንድ ላይ አስፍሩልን

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በልማት ምክንያት ከመሐል ከተማ የሚነሡ ነዋሪዎች ከነጎረቤታቸውና ከነእድራቸው እንዲሰፍሩ ስለ መጠየቅ

የተከበራችሁ የከተማችን መሪዎች፣

ዋና ከተማ የአገር መልክ ናት የሚለው ሐሳብ በየምርቃቱና በየስብሰባው ይነገራል። እኔም አምንበታለሁ። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካ መሪዎች የሚሰበሰቡባት ከተማ ንጽሕናዋና ውበቷ ሊያሳስበን ይገባል። የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ እግረኛ ከመኪና ጋር ሳይጋፋ የሚሄድበት ሰፊ መንገድ አግኝቷል፤ ልጅ የያዘች እናት አስፋልት ውስጥ ሳትገባ ትሄዳለች። ይህን ላለማመስገን የሚከጅል ሰው ንፉግ ነው።

የምንለያየው ከተማ የሕዝብን ጠባይ የምታሳየው በምኗ ነው በሚለው ላይ ነው። መብራት፣ መስታወትና የተዋበ አደባባይ የሚያሳዩት የገንዘብን አቅምና የባለሥልጣንን ፈቃድ ነው፤ ገንዘብ ያለው አገር ሁሉ ይሠራቸዋል። የሕዝብ ጠባይ የሚታየው ግን ማን ከማን አጠገብ እንደሚኖር ሲታይ፣ ቤት ውስጥ ሞት ሲገባ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ሲታወቅ ነው። ሐረርን ጎብኝተው የሚመለሱ ሰዎች ስለ ጀጎል ግንብና ስለ አምስቱ በሮች ያወራሉ፤ ከተማዋን ለዘመናት ያቆየው ግን ሠርጉንም ለቅሶውንም በጋራ የሚሸከመው አፎቻ ነው። በአዲስ አበባ ይህን ሸክም የተሸከመው እድር ነው።

ይህች ከተማ እንዴት እንደ ተሠራች አስታውሱልኝ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውኃ አጠገብ ከሰፈሩ በኋላ ለመኳንንቱ፣ ለራስ፣ ለደጃዝማች፣ ለፊታውራሪ በየኮረብታው ቦታ ተመራ። ወታደሩ፣ አሽከሩና ባለሙያው ደግሞ በየጌታው ግቢ ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። ደጃች ውቤ ሰፈርና ራስ ካሳ ሰፈር የሚባሉት ከዚያ የመጡ ናቸው። ይህ አሰፋፈር ከእኩልነት የመነጨ አይደለም፤ ጌታ አሽከሩን በቅርብ ስለሚፈልገው ነው። ነገር ግን ባለጸጋና ድሃ በአንድ አጥር ግራና ቀኝ እንዲኖሩ፣ ልጆቻቸው በአንድ ሜዳ እንዲጫወቱ አድርጓል።

ይህንን አኗኗር ሊያፈርስ አስቦ የመጣው ጣሊያን ነበር። በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን ነጭና ጥቁር ለየብቻ የሚኖሩበት ፕላን አወጣ፤ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ ወስዶ የዛሬውን መርካቶ መሠረተ፤ አገሬውንም በዚያ አካባቢ ሊያሰፍር አሰበ። ፕላኑን ሳይፈጽም ተባረረ። ከዚያ በኋላ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 መጣ፤ የቀበሌ ቤቶችም ከመሐል ከተማ ሳይወጡ፣ ከፎቅ ቤቱና ከቪላው ጎን እንዳሉ ቆዩ። አዋጁ ያደረሰው በደል ብዙ ነው፤ የዛሬ ጉዳዬ ግን እሱ አይደለም። ለማለት የፈለግሁት ንጉሡም፣ ደርጉም፣ ከዚያ በኋላ የመጣውም መንግሥት ሲያልፍ ድሃው ከመሐል ከተማ ጨርሶ አለመጥፋቱን ነው።

እኔ ከመሐል ከተማ በተነሣ ሰፈር የእድር ጸሐፊ ነኝ። ከተነሣን ወዲህ የእድራችን መዝገብ ሌላ መልክ ይዟል። ድሮ ከአባሉ ስም ጎን የምጽፈው የቤት ቁጥር ነበር። አሁን የቤት ቁጥሩን በቀይ እስክሪብቶ እየሰረዝኩ የኮንዶሚኒየም ሳይቱን ስም፣ የብሎኩን ቁጥርና ስልክ አሰፍራለሁ። ከአንዳንዱ ስም ጎን ግን ባዶ ነው። ባዶ የሆነው በአብዛኛው የደባሉ ቦታ ነው። ከቀበሌ ቤት ተከራይ ጋር ተጠግቶ ይኖር ስለ ነበር ምትክ ቤት አልደረሰውም፤ ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቅ የለም። እድሩ ግን ያውቀው ነበር። መዋጮውን በየወሩ ይከፍላል፤ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ለመትከል ከሚቀድሙት አንዱ እሱ ነበር።

ከተነሣን በኋላ አንዲት እናታችን አረፉ። ድሮ ቢሆን ጡሩምባ ነፊው ገና ሳይነጋ ሰፈሩን ይዞራል፤ ፀሐይ ሳትወጣ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ወንበሩ ተደርድሮ፣ ሴቶቹ ድስት ጥደው ይገኛሉ። አሁን አባላቱን በስልክ እየፈለግን ረፈደብን። የእድሩ ዕቃ ቤት ስለ ፈረሰ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ በአንድ አባላችን ሱቅ ጓዳ በአደራ ተቀምጠዋል፤ ለማምጣት መኪና መከራየት ነበረብን። ድንኳኑን የተከልነው በሁለት ብሎኮች መሐል፣ በመኪና ማቆሚያው ላይ ነው። መሬቱ ኮብልስቶን ስለ ሆነ ካስማ አልገባ አለን፤ ገመዱን ከትልልቅ ድንጋይ ጋር አሰርነው። አዲሶቹ ጎረቤቶች ደግ ሰዎች ናቸው፤ ውኃ አቀበሉን፣ ኮሚናሉን፣ የነዋሪዎቹን የጋራ መገልገያ ቤት፣ ከፈቱልን። ሟቿን ግን አያውቋቸውም። ከተለያየ ሳይት ታክሲ እየቀያየሩ ከመጡት የቀድሞ ጎረቤቶች ብዙዎቹ የደረሱት ቀብር ከተፈጸመ በኋላ ነው። አርባ ዓመት ቡና አብረዋቸው የጠጡ አንዲት ሴት ሟቿን አፈር ሳያለብሷቸው ቀሩ። የእኚህን ሴት ሐዘን ያየሁት በዓይኔ ስለ ሆነ ደብዳቤውን ለመጻፍ ተነሣሁ።

አሮጌው ሰፈር ገነት ነበር አልልም። ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ አንድ መጸዳጃ ለብዙ አባወራ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጎርፍ ከደጃፍ ይደርሳል፤ እሳት ቢነሣ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት ቅያስ አልነበረም። ዛሬ ልጆቼ በቤታቸው ውስጥ ገላቸውን ይታጠባሉ። ከእድራችን አባላት መካከል ወደ ጭቃ ቤቴ መልሱኝ የሚል አንድም ሰው አላጋጠመኝም። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ ቤቱ ጥሩ ነው፣ ሰው ናፈቀን።

ናፍቆቱ ደግሞ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቲማቲምና ሽንኩርት በጉሊት የምትሸጠው ሴት የምትኖረው በደንበኞቿ ነው። ደንበኛዋ ደመወዝ እስኪወጣ በዱቤ ይወስዳል፤ እሷም ከነጋዴው በዱቤ ታመጣለች። ይህ ሁሉ ያለ ወረቀት የሚሠራው በመተዋወቅ ነው። ሰፈሩ ሲበተን የተበተነው ካፒታሏ ነው፤ በየትኛውም የካሳ ግምት ውስጥ ግን አይገባም። እናት ገበያ ስትሄድ ልጇን የምታስቀምጥባት ጎረቤት፣ ለታመመ ሽማግሌ መድኃኒት የሚገዛለት የጎረቤት ልጅ፣ እነዚህም እንዲሁ ናቸው። ድሃ ሰው ያለው ሀብት ይበልጡን ይህ ነው።

ስለዚህ የልማት ተነሺ ቤት ሲደርሰው እጣው የሚወጣው በግለሰብ መሆኑ ቀርቶ በእድር ወይም በመንደር ይሁን። አንድ እድር በአንድ ሳይት፣ ቢቻል በተቀራረቡ ብሎኮች ይስፈር። ፎቁንና የክፍሉን ስፋት ከዚያ በኋላ እጣ ቢወስነው ማንም አያጉረመርምም። ለዚህ ተጨማሪ ሲሚንቶ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ቆጠራው ሲካሄድ ከቤት ቁጥር ጎን የእድሩ ስም እንዲመዘገብ ማድረግ ነው። ደባሉም በዚያው ይቆጠር። የቤቱ ባለመብት ባይሆን እንኳ በአነስተኛ ኪራይ ከጎረቤቶቹ አጠገብ የሚጠጋበት ክፍል ይፈለግለት። በየሳይቱ ለድንኳን የሚሆን ካስማ የሚይዝ ሜዳ፣ ለእድር ዕቃ የሚሆን ቤት፣ ለጉሊት የሚሆን ጥላ ያለው ቦታ በፕላኑ ውስጥ ይግባ። ኮሚናል ቤቶቹን ያሰበው ሰው የሕዝቡን አኗኗር ያውቅ ነበር፤ ትንሽ ብቻ ይጨመርበት።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን በተነሣው መሬት ላይ የሚሠራው ነው። ነገ በመሐል ከተማ የሚቆሙት ሕንፃዎች ውስጥ የሚኖረው ገንዘብ ያለው ብቻ ከሆነ፣ ወራሪው በአዋጅ ሊያደርገው ሞክሮ ያልተሳካለትን መለያየት ገበያው ያለ አዋጅ ይፈጽመዋል። ይህን የምለው እናንተን ከወራሪ ጋር ለማመሳሰል አይደለም፤ ዓላማችሁ ሌላ እንደ ሆነ አውቃለሁ። መሬት ላይ የሚቀረው ግን ዓላማው ሳይሆን ውጤቱ ነው። በየሕንፃው ጥቂት ቤቶች ለቀድሞው ነዋሪ በሚችለው ኪራይ ይቀመጡ፤ ቦታውን ለአልሚ ስትሰጡም ይህ በውሉ ውስጥ ይግባ። ጽዳት ሠራተኛዋ፣ ዘበኛውና አስተማሪው ከሚሠሩበት አጠገብ ቢኖሩ የከተማችን ውበት አይቀንስም።

የእድራችን መዝገብ በእጄ ነው። በሌሎች የተነሡ ሰፈሮችም እንደ እኔ መዝገብ የያዙ ጸሐፊዎች አሉ። በቀጣዩ የልማት አካባቢ የነዋሪዎች ቆጠራ ከመጀመሩ በፊት ጥሩን፤ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ማን ማንን እንደሚያስታምም፣ ደባሉ የት እንዳለ ከነስሙ እንነግራችኋለን። የምናገለግለውም ያለ ክፍያ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ከመሐል ከተማ የተነሣ ሰፈር የእድር ጸሐፊ