ጉብታ አይደለም፣ ግድብ ነው! (የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ዘገባ)

ከላይብረሪው ጀርባ ያለውን የአፈር ክምር "ጉብታ" ለምትሉት ሁሉ፣ አቦ ስሙ ግድብ ነው። ቁመቱ ደረቴ ጋ ይደርሳል፣ ከኮረብታው የሚወርደውን ጎርፍ ለጊዜው ይይዝና ከስር በተቀበረው ቱቦ ቀስ እያለ ይለቀዋል፣ በቃ ስራው ይሄ ነው። "ደረቀባችሁ እኮ" እያላችሁ ስታፍ ውስጥ የምትስቁብን፣ ባዶ ካልሆነ የሚቀጥለውን ጎርፍ የት ያስቀምጠው?

ስብሰባ በየ15 ቀኑ አድርገናል፣ ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ።

ህዳር ላይ 34 ልጆች ይዤ ድሬዳዋ መሃል ወደሚያልፈው ደረቅ ወንዝ፣ ደቻቱ ወረድን። ያው አሸዋ ነው፣ ወንዶቹ ወዲያው ኳስ ጀመሩ። አፋፉ ላይ የሚኖሩ አንድ አባት የ1998ቱን ጎርፍ ነገሩን፤ ሐምሌ መጨረሻ፣ ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ፣ ዝናቡ የወረደው ላይ ደጋው ላይ፣ እነ ደንገጎ ጋ፣ ጎርፉ የመጣው ግን ድሬ፣ ከ200 በላይ ሰው የሄደበት። እነዚህ ልጆች ያኔ አልተወለዱም። ኳሷ ቆመች። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ የ9ኛ ክፍል ልጅ "አባባ፣ ደንገጎ ያለ ሰው ዝናቡን እያየ ለምን አልደወለም?" አለቻቸው። እሳቸውም መልስ አጡ፣ እኔም አጣሁ።

ይቺው ልጅ ግድቡ ውስጥ ምልክት ያለው እንጨት ተክላ በዘነበ ቁጥር የውሃውን ከፍታ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ሚያዝያ ላይ እየሮጠች መጣችና "ቲቸር፣ ከግርጌው የሚወጣው ውሃ ደፍርሷል" አለችኝ። ንፁህ ውሃ ጠብ ጠብ ቢል ያን ያህል አያስደነግጥም፣ ከደፈረሰ ግን አፈሩን ከውስጥ እየበላው ነው። እውነቷን ነበር፤ ቱቦው ዙሪያ ያለውን አፈር በደንብ አልጠቀጠቅነውም፣ ያን ቀን ያቻኮልኳቸው እኔ ነኝ። ውሃው ካለቀ በኋላ ቆፍረን ሸክላ አፈር በስስ በስሱ እየረገጥን ሞላነው።

የቀረን የትርፍ ውሃ መውጫው ነው። የአፈር ግድብ ውሃ በአናቱ ካለፈ አለቀለት፣ ትርፉ በጎን ድንጋይ በተነጠፈበት ቦይ መውጣት አለበት፣ እኛ ግን ለጊዜው ጆንያ ነው የደረደርነው። ይሄን ሁሉ የሰራነው በ3 አካፋ ነው፤ የኳስ ክበቡ ማልያ በዓመት ሁለቴ ሲቀየር አይቼ ምንም አላልኩም፣ አሁንም ምንም አልልም።

ሐምሌ ሳይገባ አንድ መኪና ድንጋይና የጋቢዮን ሽቦ (ድንጋዩን አቅፎ የሚይዝ መረብ) እንፈልጋለን፣ ገልባጭ ያላችሁ ወላጆች እባካችሁ። ደብተሩ ክረምቱን ልጅቷ ጋ ነው የሚቆየው፣ ስልኬን ሰጥቻታለሁ፣ ከደፈረሰ ሌሊትም ቢሆን ደውይ ብያታለሁ።