ከዋንዛው ሥር መደብ ሠራሁ

እህት ዓለም፣ እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ስንት ጊዜ ሆነን! በጣም ናፍቀሽኛል።

አሁን ያለሁት ደብረ ዘይት፣ እናቴ ቤት ነው። ጓሮውን ታስታውሺዋለሽ፤ ዋንዛው፣ ግራዋው፣ አጥሩን ይዞ የሚሄደው ሰንሰል፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ዘንድሮ የጨመርኩበት መቀመጫ ብቻ ነው።

ሰዉ ሁሉ “ንጣፍ አስነጥፊ፣ ግራዋውን አስቆርጪው” አለኝ። እሺ አላልኩም። ግራዋው ሲያብብ የሚመጣውን ንብ ብታዪ አንቺም አታስነኪውም ነበር። ለመቀመጥ ብሎ የሚቀመጡበትን ውበት ማጥፋት አይገባኝም።

ቦታውን የመረጠልኝ ጥላው ነው። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ስለምታልፍ የዛፍ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ይዞራል። ስለዚህ መደቡን ከዋንዛው በስተሰሜን ምሥራቅ አደረግሁት። የከሰዓቱ ቡና ሲፈላ ጥላው ልክ እዚያ ነው።

ከባዱ አፈሩ ነበር። ያ የአድአ ጥቁር አፈር ለጤፍ በረከት ነው፣ ለግንበኛ ግን ፈተና። ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ሲሚንቶ ቢፈስበት ብዙም አይቆይም። እኛ ወፍራም ሥር ያገኘንበትን እየተውን በስሱ ቆፈርን። ከዚያ በአካባቢው ኮረብታዎች በሚወጣው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ሞላነው። ውሃው በጠጠሩ መካከል ሾልኮ ስለሚያልፍ አይቋጥርም። ዝናብ እንዳባራ ጫማሽ ጭቃ ሳይነካው ትደርሻለሽ።

መደቡ እንደ እርሻ ካብ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነካክሶ የቆመ ነው፤ ምንም ማያያዣ የለውም። አፈሩ ሲንቀሳቀስ አብሮት ይንቀሳቀሳል። ድንጋይ ከቦታው ከወጣ መልሶ ማስገባት ነው። እንሽላሊቶቹ ገና ከአሁኑ በየክፍተቱ ገብተዋል፤ ይኑሩበት። ከላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ በሱ ላይ አጎዛ። ለእናቴ ጉልበት ብለን ከበርጩማ ከፍ አደረግነው። አሁን ማንንም ሳትይዝ ትነሳለች።

ጤና አዳሙን እጅ የሚደርስበት ተከልኩት፤ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ቀንጥቦ ሲኒው ውስጥ ጣል ማድረግ ነው። ጠጅ ሳሩ መግቢያው ላይ ነው። ቀሚስ ሲነካው ሽታው ያውዳል። ከዚህ ሌላ ምንም አልጨመርኩም፤ አራት ሰው ይበቃዋል፣ ረከቦቱም ቦታ አለው።

አንቺ የምትመጪው መቼ ነው? ጥቅምት ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ዝናቡ ይወጣል፣ ጓሮውም ገና አረንጓዴ ነው። እናቴም በየጊዜው ትጠይቀኛለች፣ የምመልስላት አጣሁ። ቀኑን ቁረጪና ጻፊልኝ።

የምትናፍቅሽ እህትሽ