ቦሎ የለጠፈ መኪና ለምን እንዲህ ያጨሳል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ እሸጣለሁ። ሱቄ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። ጠዋት ነጠላና ቀሚሱን ደጅ እሰቅላለሁ፤ ደንበኛ የሚያቆመው እሱ ነው። ማታ ሳወርደው ጠርዙ ጠቁሯል። አቧራ ቢሆን አራግፌ እገላገል ነበር። ይሄ ግን በጣት ሲነኩት እንደ ጥላሸት ይለቀልቃል። የናፍጣ ጭስ ነው። አሁን ላስቲክ አልብሼ መስቀል ጀምሬያለሁ።

ጭነት የያዘ አይሱዙ ዳገቱን ሲጀምር ሹፌሩ ማርሽ ይቀንስና ነዳጅ ይረግጣል። ያኔ ጥቁሩ ጭስ ቡልቅ ይላል። በእግር የሚሄዱት ተማሪዎች በሹራባቸው አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ለነሱ ላስቲክ የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በይፋ አስታውቋል። ብናኙ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል።

የእህቴ ልጅ መካኒክ ነው፤ ምክንያቱን ያስረዳኝ እሱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ በቂ ኦክስጅን ስለማያገኝ ናፍጣው በደንብ ሳይቃጠል ይወጣል። በዚያ ላይ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ኖዝል ካረጀ ወይም የአየር ፊልትሮው ከታፈነ አለቀ። አንዳንዱ ደግሞ ዳገት እንዲጎትትለት ብሎ የናፍጣ ፖምፑን ያስጨምራል፤ ሞተሩ ውስጥ ብዙ ናፍጣ እንዲገባ ማለት ነው።

ሹፌሮቹን መውቀስ አልፈልግም። ብዙዎቹ የሰው መኪና ነው የሚነዱት። መኪናው ጋራዥ ከገባ የቀን ገቢያቸው ቀረ ማለት ነው። ጥያቄዬ ለባለንብረቶቹና ለተቆጣጣሪዎቹ ነው። መኪናው በዓመት አንዴ ባዶውን ተመርምሮ ቦሎ ይለጥፋል። ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣስ ማን ያየዋል?

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ጥሩ ነው። ግን እኔን የሚያጨሰኝ ገና ያልገባው አውቶሞቢል አይደለም፤ ዓመታት ያገለገለው የጭነት መኪና ነው። እሱ ነገም መንገድ ላይ ነው።

ስለዚህ ጭስ መለኪያው ከምርመራ ጣቢያው ወጥቶ ዳገት ላይ ይቁም። የሚያጨሰው መጀመሪያ ኖዝሉንና ፊልትሮውን እንዲያሠራ ቀን ይሰጠው። ካላሠራ ባለንብረቱ ይቀጣ።

የሚመለከታችሁ ሰዎች፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ተማሪው በሚበዛበት ሰዓት ኑ። ከሱቄ ደጅ ሁሉም ይታያል። ወንበር አወጣላችኋለሁ።

አንዲት ነጋዴ፣ ከሽሮ ሜዳ