ተከራይም ደራሲ ነው

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ የጥበብ ገጽ ላይ የወጣውን፣ ደራሲያን ተቀምጠው ስለሚጽፉባቸው ታሪካዊ ቤቶች የሚያትተውን ዘገባ ብዙ አንባቢ እንዳየው እገምታለሁ። በአሜሪካ ኦርላንዶ ከተማ አሜሪካዊው ደራሲ ጃክ ኬሩዋክ የኖረበትን፣ ዛሬ ደራሲያን በየተራ ሦስት ወር ያህል ያለ ኪራይ የሚጽፉበትን ቤት ማስተዋወቃችሁ ያስመሰግናችኋል። ቅር ያሰኘኝ በማሳረጊያው ጣል የተደረገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የእኛ ደራሲያን ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ሲንከራተቱ ስለኖሩ አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ቤት የላትም የሚለው።

ዘጋቢያችሁ ያሞገሱትን ቤት ታሪክ ትንሽ ገፋ አድርገው ቢያነቡ ኖሮ፣ ኬሩዋክም ተከራይ እንደነበረ ባወቁ ነበር። ከእናቱ ጋር የተከራየው ሙሉውን ቤት እንኳ ሳይሆን ከኋላ ያሉትን ጠባብ ክፍሎች ነው፤ እኛ ግቢ ቢሆን ሰርቪስ እንለው ነበር። የኖረበትም ከ1957 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው። ዝና ያተረፈለት መጽሐፍ የታተመው እዚያ ይኖር በነበረበት ጊዜ ሲሆን «ዘ ዳርማ ባምስ» የተባለውንም የጻፈው እዚያው ነው። ከዚያ ቤቱ ተረስቶ ኖሮ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ የአካባቢው ጋዜጠኛ አፈላልጎ አገኘው። የዚያ ከተማ ጋዜጠኛ ፈልጎ አገኘ፤ የእኛው ሳይፈልግ አጣ።

እኔ አራት ኪሎ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። እናቴ ከግቢያችን ሰርቪስ አንዱን ለአንድ የማተሚያ ቤት አራሚ አከራይታ ነበር። ሌሊት የሰው ጽሑፍ ሲያርሙ አድረው፣ ቀን በሁለት የቢራ ሣጥን ላይ በተጋደመ የበር ሳንቃ ላይ የራሳቸውን ይጽፉ ነበር። እኛ ልጆች ኳሳችንን ከግድግዳው ጋር ስናላትም፣ «ጋሼ እየጻፉ ነው!» የሚለው የእናቴ ቁጣ ይበትነን ነበር። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ኪራዩ ከመቶ ብር በታች ስለነበር ሰርቪሱ ወደ ቀበሌ ሄደ፤ ጋሼም ሳንቃቸውን ሳያነሡ የቀበሌ ተከራይ ሆኑ። እዚያው ጽፈው እዚያው አረፉ። ቤተሰባቸውን ስላላስፈቀድኩ ስማቸውን አልጠቅስም።

ካረፉ በኋላ የግቢው ሰዎች ተሰባስበን፣ በራቸው ላይ አንዲት የመታሰቢያ ጽሑፍ እንድናኖር ይፈቀድልን ብለን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ አስገባን። በመጀመሪያ ካርታ አምጡ ተባልን፤ የቀበሌ ቤት ካርታ በእኛ እጅ እንደማይገኝ ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። ቀጥሎ ባለጉዳዩ ራሳቸው ይቅረቡ ተባለ። አርፈዋል ስንል ውክልና ጠየቁን። ሰማይ ቤት የውልና ማስረጃ ቅርንጫፍ ይኑር አይኑር ስለማላውቅ ጉዳዩ እዚያው ላይ ቆሟል።

አንድ ክፍል ሰርቪስ፣ መጸዳጃ ቤቱ የጋራ በሆነበት ግቢ፣ ለእንግዳ ደራሲ ይመቻል ወይ ብሎ መጠየቅ አግባብ ነው፤ ምናልባትም አይመችም። ይህ ግን ቤቱን ስለማደስ የሚነሣ ጥያቄ ነው፤ ቤቱ የለም ለማለት አያበቃም። የባለቤትነት ካርታ መለኪያ ከሆነማ የኦርላንዶውም ቤት በወደቀ ነበር። ደግሞም «የላትም» የሚለው ቃል መዘዝ አለው። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና ሠራተኛ ሠፈር ሲፈርሱ፣ በየትኛው ክፍል ማን ምን እንደጻፈ ጠይቆ የመዘገበ ሰው አላየሁም። የለም የተባለን ነገር ማን ይጠይቃል?

ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ እንዲታረም፣ እርማቱም ዘገባው በወጣበት በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን እንዲወጣ እጠይቃለሁ። ዘጋቢያችሁ ሰርቪሱን ማየት ከፈለጉ በሩ ክፍት ነው፤ ካርታም ውክልናም አንጠይቃቸውም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአራት ኪሎ ነዋሪ