ስለ አርጃኖ፦ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ በስልኩ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። አንድ ወጣት ትልቅ አርጃኖ፣ ያን ውኃ ዳር የሚኖር ግዙፍ እንሽላሊት፣ ትከሻው ላይ አስተኝቶ ይስቃል። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ እኛ አገር ሐይቅ ዳር ሞልቷል። አንድ ግልገል ቢገኝ አሳድገው ነበር» አለኝ። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም መጻፍ ያስፈለገኝ፣ ያንን ቪዲዮ ያየው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው።

አሜሪካ በምኖርበት ጊዜ አንዲት የናይል አርጃኖ ለስድስት ዓመት አሳድጌአለሁ። ስገዛት ከክርኔ እስከ ጣቶቼ ጫፍ አትሞላም ነበር፤ በጥቁር ቆዳዋ ላይ የተደረደረው ቢጫ ነጠብጣብ ጥለት ይመስላል። ሻጩ ከአንድ ሜትር እንደማታልፍ ነገረኝ። የአገሬ እንስሳ መሆኗ ልቤን ስለነካው ሌላ ነገር ሳልጠይቅ ከፈልኩ። በሦስተኛው ዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ሆነች። ሁለት ሜትር የሚያልፉም አሉ።

አንድ ማታ ውኃዋን ልለውጥ እጄን ስዘረጋ ጉሮሮዋን ነፋች፣ ትንፋሿ እንደ ወናፍ ተሰማ፣ ወዲያው ጅራቷ ክንዴ ላይ አረፈ። ሰንበሩ ሁለት ሳምንት ቆየ። በእሷ አልፈርድም። ጅራቷ መዋኛዋም መከላከያዋም ነው፤ እኔ ደግሞ ማምለጫ በሌለው ጥግ ላይ ነበር የደረስኩባት። አርጃኖ የሚቀልበውን ሰው ሊለምድ ይችላል፤ እንደ ውሻ ግን አይገራም።

ለአንድ ጎልማሳ አርጃኖ አንድ ክፍል መልቀቅ ያስፈልጋል ብል አላጋነንኩም። የሚሞቅበት ድንጋይ ገጹ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መጋል አለበት፤ ሌላው ጥግ ደግሞ ቀዝቀዝ ማለት አለበት። የፀሐይን ጨረር የሚተካ የአልትራቫዮሌት መብራትና ካልሲየም ካላገኘ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ ይጣመማል። ሙሉ አካሉ የሚሰጥምበት ውኃ ይፈልጋል፤ የሚጸዳዳውም እዚያው ውስጥ ስለሆነ ውኃው በየቀኑ ይለወጣል። ነፍሳት፣ ዓሣ፣ አይጥና እንቁላል ይበላል፤ በተፈጨ ሥጋ ብቻ አይኖርም። ቆዳው ላይ ሳልሞኔላ ሊኖር ስለሚችል ሕፃናት ባሉበት ቤት አደጋው ቀላል አይደለም። ይህ ሁሉ ለአሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል።

የእኔዋ የሞተችው በአፈር እጦት ነው። ሴት አርጃኖ ወንድ ባያገኛትም እንቁላል ልትይዝ ትችላለች። በዱር ቢሆን ዝናብ ያራሰውን ኩይሳ ቆፍራ እስከ 60 የሚደርስ እንቁላል ትጥልበታለች። ምስጦቹ የቆፈረችውን መልሰው ይደፍኑታል፣ ኩይሳውም ሙቀቱንና እርጥበቱን ጠብቆ እንቁላሎቹን ለወራት ያቆያል። እኔ ያነጠፍኩላት ስንዝር የማይሞላ የእንጨት ፍቅፋቂ ነበር። ለአሥር ቀን ያህል አንዱን ጥግ ስትቧጥጥ ሰነበተች፣ ጥፍሮቿ ደሙ፣ እኔም መውጣት የፈለገች መስሎኝ በሩን አጠበቅሁት። ስለ ተሳቢ እንስሳት የሚያውቅ ሐኪም ዘንድ ሳደርሳት፣ መጣያ ያጣችለት እንቁላል ሆዷ ውስጥ ቀርቶ ጊዜው አልፎ ነበር። ስለ ኩይሳ የሰማሁት ከሐኪሙ ነው። ኩይሳ እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ሥራ እንዳለው ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ማሳደግ ሲያቅታቸው የሚለቁም አሉ። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ኬፕ ኮራል በተባለችው ከተማ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የናይል አርጃኖ በቦዮቹ ዳር ተራብቷል፤ በጉድጓድ የሚኖሩ ጉጉቶችንና የወፎችን እንቁላል ይበላል። ግዛቲቱ በ2021 (እ.ኤ.አ.) እንስሳውን በቤት ማሳደግ የተከለከሉ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባችው። እዚያ ጥፋት ያደረሰው ይኸው አመጋገቡ እዚህ ያስፈልጋል፤ በእኛ ሐይቆች ዳር የአዞ ጎጆ ቆፍሮ እንቁላል የሚበላውም፣ በድን የሚያነሳውም እሱ ነው።

ስለ ዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ በእጃችሁ አለ። ኢትዮጵያ ሳይቴስ የተባለውን፣ ለአደጋ የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት ከተቀበለች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗል፤ አርጃኖም በስምምነቱ ሁለተኛ አባሪ ላይ ሰፍሯል። ያለ ፈቃድ ከአገር ሊወጣ አይችልም ማለት ነው። የእህቴ ልጅ ግን ይህን ከየት ይወቀው?

የምለምናችሁ ጥቂት ነገር ነው። ከላይ የጻፍኩትንና ሕጉ የሚለውን በአንድ ገጽ፣ በአማርኛና የየሐይቁ ነዋሪዎች በሚናገሯቸው ቋንቋዎች አዘጋጁ። በጀልባ መነሻዎች፣ በትምህርት ቤቶችና በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ለጥፉት። ሳያውቅ ይዞ የተቸገረ ሰው ሳይፈራ ደውሎ የሚያስረክብበት ስልክ ቁጥርም ከሥሩ ይኑር፤ ቅጣት የሚፈራ ሰው ሌሊት ወስዶ ያገኘበት ቦታ ይጥለዋልና።

ልጁን ትምህርት ሲዘጋ ወደ አርባ ምንጭ ልወስደው ቃል ገብቼለታለሁ። ጫሞ ዳር አርጃኖ በገዛ ቦታው ሲዋኝ እንዲያይ እፈልጋለሁ። ጀልባ ስንጠብቅ ያ ገጽ ተለጥፎ ብናገኘው ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደርጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አርጃኖ አሳዳጊ የነበረ የአዲስ አበባ ነዋሪ